የጓሮዋ ክፍል

አሥራ ሰባት ዓመት ዕቁብ የጣልንበት፣
በዱቤ ሲሚንቶ፣ በትውስት ሚስማር ወደ ላይ የሳብነው
ቤታችን አለቀ፤ የቀረው ውስጡ ነው።

ገዛኸኝ፣ ባሌ፣ ሳያማክረኝ ጠርቶ
አንድ ዲኮር ሠሪ መጣ ሞተር ነድቶ፤
ናቲ ይባላል። ስልኩን ከፍቶ አሳየን፦
ጣሪያው በጂብሰም እንደ ኬክ ተነባብሮ፣
በየጥጋጥጉ መብራት ተቀብሮ፣
ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ሐምራዊ እየሆነ የሚለዋወጥ፤
ወለሉ ፊት የሚያሳይ፣ እግር የሚያዳልጥ፤
ግድግዳው ላይ ደግሞ ውሃ የማይጠማው፣
ንብ ዞር የማትልበት የላስቲክ አበባ።

«ዘመናዊ ነው» አለ፤ ባሌ ራሱን ነቀነቀ።
«ስንት ይፈጃል?» አልኩት። ቁጥሩን ሲጠራው ጉሮሮዬ ደረቀ።

ይሄኔ መብራት ሄደ።
ሚያዝያ ነው፣ አዳማ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤
ማራገቢያው ሁለቴ ዞሮ ቆመ፣
ቆርቆሮው ከላይ እየተንጣጣ እንደ በሽተኛ አዛጋ፣ ታመመ፤
የናቲ ላብ ስልኩ ላይ ጠብ አለ፤
ያ ኬክ የመሰለው ጣሪያ ከላቡ ሥር ዋለለ።

ወደ ጓሮ ወጣን።
አንዲት ክፍል አለች፣ ቦታውን ስንገዛ የነበረች፣
በእንጨት የቆመች፣ በጭቃና በጭድ የተመረገች፤
ግንበኛው ገና ድሮ «አፍርሷት» ብሎን ነበር፣
እኛም ዕቃ ቤት አደረግናት፤ አካፋ፣ ባልዲ፣ የተረፈ ማገር።

ገባን። ዝም አልን።
ግድግዳዋ እንደ እንስራ ሆድ ቀዝቃዛ፣
በትንሿ መስኮቷ ነፋስ በችርቻሮ የምትገዛ።
ገዛኸኝ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠ፤
ናቲ ጫማውን አወለቀ፣ ወለሉን በባዶ እግሩ ረገጠ፤
ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ
ባሌ አንኮራፋ፤ ናቲም ተከተለው ኋላ።

እኔ አልተኛሁም።
ጣቴን በምርጊቱ ላይ እያስኬድኩ አሰብኩ፤
ይህን ጭቃ ያቦካ እግር የማን ይሆን? አልኩ።
ጭዱ ዛሬም ይታያል። እንደ ወርቅ ክር ነው አልልም፤
ጭድ ነው፤ ጭድ መሆኑም አያሳፍርም።

በማግሥቱ ኩመላን አስጠራሁ፤
አናጢ ነው፣ አንድ ጣቱ የጎደለ፣
«አዴ ብርቂቱ፣ ጣሪያው በሸምበቆ ያምራል፣ ሙቀቱንም ይይዘዋል» አለ።
ከአዋሽ ዳር የታጨደው በጋሪ መጣ፣
ምስጥ እንዳይደፍረው በኖራ ውሃ ተነክሮ ወጣ።
ቀይ አፈር ከኖራ በጥብጠን ሳሎኑን ቀባን፤
አንዴ ቀጠነና ፈሰሰ፣ አንዴ ወፈረና ተሰነጣጠቀብን፤
በሦስተኛው ዝም ብሎ ያዘ።
ትራሶቹ የድሮ የስኳር ጆንያ ለበሱ፤
በሩን ከፈረሰ ሻይ ቤት ገዛነው፣ ከነቁልፉ፣ ከነጭረቱ፣
እጀታው ሥር «ዱቤ የለም» የሚል ጽሑፍ ነበር፤
ኩመላ «ልፋቀው?» አለ። ተወው አልኩት፤
ቤቱ በዱቤ እንደ ተሠራ በሩ ምን ያውቃል?

እውነቱን ልናገር፦ ቀይ አፈሩ ልብስ ያቀላል፤
ግድግዳ የተደገፈ እንግዳ ጀርባው ላይ ማኅተም ይዞ ይሄዳል፤
ሸምበቆው ውስጥ ማታ ማታ አንድ እንሽላሊት ይሮጣል፣
ገዛኸኝ በጀርባው ተንጋሎ «ይሄስ ኪራይ አይከፍልም?» ይላል።

ባለፈው ሳምንት ናቲ በደጅ ሲያልፍ ገባ፤
ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፣ ፎቶ አነሳ፣
«ስንት ፈጀ?» አለኝ።
ነገርኩት። ውሃ ስጪኝ አለ፤ ጠጣ፤ ሌላ ብርጭቆ ጠየቀኝ።

ከቴሌቪዥኑ ጎን ግን አንዲት ነገር አለች፣
ባሌ ደብቆ ያስገባት የላስቲክ ጽጌረዳ፣ አቧራ የለበሰች።
ነፋሱ ሲገባ ትወድቃለች፤ ያነሳታል፤
እኔ እንዳላየሁ፣ እሱም እንዳላነሳ ይሆናል።
አልጣልኳትም።
ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እሱ ገበያ ሲወጣ፣
በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋታለሁ፣ ቅጠል በቅጠል።